ዱቄት አታድርጉት፦ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን ለፀሐይ ሴል የምሠራበት መንገድ

የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት መፍጠር ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከባዱ፣ አውቶክሌቭ (በግፊት የሚያሞቅ ዝግ ዕቃ) ውስጥ 15 ወይም 20 ናኖ ሜትር ሆኖ የተፈጠረውን ቅንጣት መጠኑን እንደያዘ የፀሐይ ሴሉ መስታወት ላይ ማድረስ ነው። በብዙ የአሠራር መመሪያ መሃል ላይ «በ100 ዲግሪ አድርቆ በሙቀጫ መውቀጥ» የምትል አጭር መስመር ትገኛለች። ልፋቱን ውሃ የሚበላው እዚያች መስመር ላይ ነው። እኔ የምከተለው አሠራር ከመነሻው እስከ መጨረሻው አንድ ደንብ አለው፤ ቅንጣቱ መስታወት ላይ ፊልም ሆኖ ከመቀባቱ በፊት አንዴም አይደርቅም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የእያንዳንዱ ቅንጣት ገጽ በሃይድሮክሲል ቡድኖች (አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን አብረው) የተሸፈነ ነው። ውሃው ሲተን፣ በቅንጣቶቹ መሃል በጠባቡ ክፍተት የቀረው እርጥበት እርስ በርስ ይስባቸዋል። የውሃ የገጽ ውጥረት በሜትር 72 ሚሊ ኒውተን ስለሆነ፣ ሬዲየሱ 5 ናኖ ሜትር በሆነ ክፍተት ውስጥ ስበቱ ወደ 290 ባር ይደርሳል። ቅንጣቶቹ ሲነካኩ ሁለቱ ሃይድሮክሲሎች ውሃ ይለቁና በመካከላቸው የኦክስጅን ድልድይ ይቀራል። ይህ እውነተኛ ኬሚካዊ ትስስር ነው፤ ሙቀጫም ሆነ አልትራሳውንድ አይፈታውም። ዱቄቱ በጣት ሲታሽ የላመ ይመስላል፣ ግን እያንዳንዷ ፍርፋሪ ብዙ ሺህ ቅንጣቶች የተጋገሩባት ጓል ናት። የኤክስሬይ ዲፍራክሽን (ኤክስሬይ ከክሪስታል ሲበተን አይቶ መጠኑን የሚለካ ዘዴ) ደግሞ ይህን አይነግራችሁም፤ የሚለካው ክሪስታሉን እንጂ ጓሉን አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 16 ናኖ ሜትር ተጽፎ፣ መስታወቱ ላይ ግን ሻካራና ወተት የመሰለ፣ ቀለም የማይጠጣ ፊልም ይወጣል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለገጽ ስፋት ሲባል ነው። ተመራማሪዎቹ ኦሬገንና ግሬትዝል እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳዩት በቀለም የሚሠራው የፀሐይ ሴል የቆመው ናኖ ቅንጣቶች ባሏት ቀዳዳማ ፊልም ላይ ነው። ብርሃን የሚይዘው በቅንጣቱ ገጽ ላይ በአንድ ሞለኪውል ውፍረት የተነጠፈው ቀለም ነው፤ ልሙጥ ገጽ ላይ ያ ንጣፍ ብርሃኑን ለመያዝ በጣም ያንሳል። 20 ናኖ ሜትር የሆኑ ቅንጣቶች 10 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ሲደራረቡ የውስጥ ገጹ ከመስታወቱ ስፋት 1000 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ቅንጣቶቹ ሲጋገሩ የሚጠፋው ይኼው ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ልኬቶች በቴፍሎን ለተሸፈነና 150 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ አውቶክሌቭ ናቸው። ቲታኒየሙ የሚገኝበትን መነሻ ፈሳሽ፣ ቲታኒየም አይሶፕሮፖክሳይድን፣ ንጽሕናው 97 በመቶ ከሆነ፣ 14.65 ግራም እመዝናለሁ። ይህ 0.05 ሞል ነው፤ መጨረሻ ላይ 4 ግራም ኦክሳይድ ይሰጣል። ፈሳሹ ወደ 17 ዲግሪ ሲወርድ መርጋት ስለሚጀምር፣ በቀዘቀዘ ክፍል ጠርሙሱን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሙት። ነጭ ደለል የያዘ ጠርሙስ እርጥበት ገብቶታልና አትጠቀሙበት። ቢከሩ በምድጃ የደረቀ ይሁን፤ አንዲት ጠብታ ውሃ ከተገኘባት በእሷ ዙሪያ ወዲያው ነጭ እብጠት ይፈጠራል፣ ያ እብጠት ደግሞ በኋላ አይሟሟም።

እያማሰልኩ 3 ግራም ንጹሕ አሴቲክ አሲድ በአንድ ጊዜ እጨምርና 15 ደቂቃ እተወዋለሁ። ድብልቁ ይሞቃል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። አሲቴቱ ከቲታኒየሙ ጋር ተያይዞ የአይሶፕሮፖክሳይዱን ቦታ በከፊል ስለሚይዝ ውሃ ሲያገኝ የሚቸኩለውን ነገር ያረጋጋዋል። ይህን እርምጃ ዘሎ የሚሠራ ሰው ቅንጣቱ እኩል መጠን ስለማይኖረው ኋላ በምንም አያስተካክለውም።

ቀጥሎ ድብልቁ 72.5 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ ይገባል። ማማሰያው በደቂቃ 700 ዙር ይሽከረከር፣ አፈሳሱ አንድ ጊዜና ፈጣን ይሁን። ጠብ ጠብ ማድረግ ጥንቃቄ ይመስላል፣ ግን ስህተት ነው። የመጀመሪያዋ ጠብታ ብዙ ውሃና ትንሽ አሲድ ታገኛለች፣ የመጨረሻዋ ደግሞ ተቃራኒውን፤ እያንዳንዷም የተለያየ መጠን ያለው ዝቃጭ ትሠራለች። በአንድ ጊዜ ሲፈስ ግን ሁሉም በአንድ ዓይነት ሁኔታ ይፈጠራል። ነጩ ዝቃጭ ወዲያው ይታያል። ሃይድሮሊሲሱ (ውሃው ውህዱን መፍታቱ) እንዲጠናቀቅ አንድ ሰዓት ይማሰል።

ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር 65 በመቶ ናይትሪክ አሲድ እጨምራለሁ። በ40 ደቂቃ ውስጥ ወደ 80 ዲግሪ አድርሼ እዚያው ላይ 75 ደቂቃ አቆየዋለሁ። አሲዱ የቅንጣቶቹን ገጽ በፖዘቲቭ ቻርጅ ይሞላዋል፤ እርስ በርስ ይገፋፉና ዝቃጩ ይበተናል። ዓይን እዚህ ላይ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ወፍራሙ ነጭ ፈሳሽ እየሳሳ ሄዶ በጎን ሲታይ ሰማያዊ ጥላ ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ሰዓቱ አልቆ አሁንም ወተት ከሆነ ወይም አሲዱ አንሷል፣ ወይም ሙቀቱ በቴርሞሜትሩ ላይ እንጂ በፈሳሹ ውስጥ አልደረሰም። እንዲህ ያለውን ወደ አውቶክሌቭ ማስገባት ያልተፈታውን ጓል አብስሎ ማጠንከር ነው። በዚህ ጊዜ የሚተነው አይሶፕሮፓኖል ተቀጣጣይ ስለሆነ ሥራው ጋዝ በሚስብ ሁድ ውስጥ ይሁን፤ እሳት አጠገቡ አይኑር። ሲበርድ በውሃ 92 ሚሊ ሊትር እሞላዋለሁ።

92 ሚሊ ሊትር በ150 ውስጥ 60 በመቶ ገደማ ነው። ከሁለት ሦስተኛ በላይ አልሞላም። በ200 ዲግሪ የውሃው ግፊት ብቻውን 15.5 ባር ነው፤ በ250 ዲግሪ ደግሞ 40 ባር ይጠጋል፣ የአልኮልና የአሲድ ትነት ሲጨመርበት ከዚያም ያልፋል። ቴፍሎን ከ200 ዲግሪ በላይ እየለሰለሰ ስለሚሄድ በእንዲህ ያለ ዕቃ 200 ላይ 12 ሰዓት አቆማለሁ፤ 250 ዲግሪ ለቲታኒየም አውቶክሌቭ የሚተው ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ትንንሾቹ እየሟሟ ትልልቆቹን ስለሚያሳድጉ ቅንጣቱ ይተልቃል፤ የቅንጣቱን መጠን መቆጣጠር ከፈለጋችሁ ከሰዓቱ ይልቅ ሙቀቱን ለውጡ። ምድጃው ከጠፋ በኋላ ዕቃው ራሱ እስኪበርድ ድረስ አይነካም፤ በውሃ ማብረድም ሆነ ለብ እያለ መክፈት አደገኛ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። የቴፍሎኑ ክዳን በደንብ ካልገጠመ የአሲድ ትነት ወደ ብረቱ ቅርፊት ይደርስና ብረቱን ይበላዋል፤ ብረት የቀላቀለበት ጠብታም ተመልሶ ይገባል። ምልክቱ ነጭ መሆን የነበረበት ዝቃጭ ወደ ቢጫ ማድላቱ ነው። ያ ሥራ ይጣል። በኦክሳይዱ ውስጥ የገባ ብረት ኤሌክትሮኖችን የሚይዝ ወጥመድ ስለሚሆን የሴሉን ጅረት ይቀንሳል፤ ማጠብም አያወጣውም።

አውቶክሌቩ ሲከፈት ቅንጣቱ ታች ሰፍሮ ይገኛል። 0.6 ሚሊ ሊትር ናይትሪክ አሲድ ጨምሬ በአልትራሳውንድ ዘንግ እበትነዋለሁ፤ ሁለት ሰከንድ ሥራ፣ ሁለት ሰከንድ ዕረፍት፣ 30 ጊዜ። ዕረፍቱ ፈሳሹ እንዳይፈላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ውሃውን ሳያደርቁ ማስወገድ። በሮታሪ ኢቫፖሬተር (ግፊት ቀንሶ ጠርሙሱን እያዞረ የሚያተን መሣሪያ)፣ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት፣ ፈሳሹ 30 ግራም እስኪቀር ድረስ አተነዋለሁ። ባዶውን ጠርሙስ አስቀድማችሁ መዝኑት፤ በዓይን መገመት አይቻልም፣ የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ነጭ ቅርፊት መታየት ከጀመረም አልፏል። ያ ቅርፊት ተፍቆ መልሶ አይገባም። ቀጥሎ 90 ሚሊ ሊትር ኢታኖል እጨምርና በሴንትሪፊዩጅ 20 ደቂቃ አሽከረክረዋለሁ፤ ላዩን አፍስሼ አዲስ ኢታኖል ጨምሬ፣ በአልትራሳውንድ በትኜ እደግማለሁ። ሦስት ጊዜ። ላይ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ ጥላ ካለው ቅንጣቱ ገና አልወረደም፤ ከማፍሰስ ይልቅ ኢታኖል ጨምራችሁ እንደገና አሽከርክሩ።

ለምን ኢታኖል? የገጽ ውጥረቱ 22 ሚሊ ኒውተን ብቻ ስለሆነ ስበቱ ከውሃው ከሲሶ በታች ይወርዳል። ገጹ ላይ ያለውን ሃይድሮክሲልም በከፊል ከራሱ በሚመጣ ኤቶክሲ በሚባል ቡድን ስለሚተካው ድልድይ የሚሠራበት ቦታ ይቀንሳል። በውሃ ደጋግሞ ማጠብ ግን አሲዱ እያለቀ ፒኤቹ ወደ 6 ሲጠጋ ቻርጁን ያጠፋዋል፤ ያኔ ቅንጣቶቹ በፈሳሹ ውስጥ እንዳሉ ይያያዛሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ያልቀጠነ ጠንካራ ናይትሪክ አሲድ ከኢታኖል ጋር ሊፈነዳ ይችላል። እዚህ ያለው በብዙ ውሃ የቀጠነ ስለሆነ ይሠራል፣ ነገር ግን የእጥበቱን ፈሳሽ በተዘጋ ጠርሙስ አታከማቹ፣ ከሌላ ቆሻሻም አትቀላቅሉ።

ሦስተኛው ሲያልቅ ታች የሚቀረው ለስላሳ ነጭ ሊጥ ነው። ክዳን ካልተደረገበት ጠርዙ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰነጠቃልና ቶሎ ይከደን። ግማሽ ግራም ያህል ወስጄ በ500 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አቃጥዬ የቀረውን እመዝናለሁ፤ ብዙ ጊዜ 40 በመቶ ገደማ ኦክሳይድ ነው። ይህን ሳይለኩ ፔስት (መስታወቱ ላይ የሚቀባውን ወፍራም ድብልቅ) መሥራት በጭፍን መሥራት ነው። ለዲፍራክሽን የሚሆነውም ከዚሁ ይወሰድ፣ ያለ ማቃጠል ለብቻው ደርቆ። የአናቴዝ፣ ማለትም የምንፈልገው የኦክሳይዱ ክሪስታል ዓይነት፣ ዋናው ጫፍ 25.3 ዲግሪ ላይ ነው፤ የመሣሪያው ድርሻ ተቀንሶ የጫፉ ስፋት በቁመቱ ግማሽ ላይ 0.5 ዲግሪ ከሆነ የክሪስታልን መጠን ከጫፍ ስፋት በሚያሰላው በሼረር ቀመር 16 ናኖ ሜትር ይወጣል። በ30.8 የምትታይ ትንሽ ጫፍ ብሩካይት የተባለ ሌላ የክሪስታል ዓይነት ናት፣ አታስጨንቅም። 27.4 ላይ ግን ሦስተኛው ዓይነት፣ ሩታይል፣ ከታየ የአሲዱን መጠን ፈትሹ።

ፔስቱ በክብደት 18 በመቶ ኦክሳይድ፣ 9 በመቶ ኤቲል ሴሉሎዝ (ማወፈሪያ)፣ 73 በመቶ ተርፒኒዮል (በቀላሉ የማይተን ፈሳሽ) ነው። ለ4 ግራም ኦክሳይድ 2 ግራም ኤቲል ሴሉሎዝና 16.2 ግራም ተርፒኒዮል ይሆናል። ሴሉሎዙን በዱቄትነቱ አትጨምሩት፣ ይቋጠራል፤ አስቀድሞ በኢታኖል ውስጥ 10 በመቶ ሆኖ ይሟሟ። ሁሉም በአልትራሳውንድ ከተደባለቀ በኋላ ኢታኖሉ በ40 ዲግሪ፣ ግፊቱ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ይወጣል። ተርፒኒዮሉ ስለማይተን ቅንጣቱን እንደረጠበ ይይዘዋል። ሦስት ሮለር ያለው ወፍጮ ካለ ሁለት ሦስት ጊዜ ማሳለፍ የቀሩትን ጓሎች ይፈታል።

መስታወቱን በሳሙና፣ በውሃ፣ በኢታኖል በአልትራሳውንድ 15 ደቂቃ ማጠብ ይበቃል፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ፊት የትኛው እንደሆነ በኦሜትር አረጋግጡ። በቴፕ አጥሬ በመስታወት ዘንግ ስቀባ፣ 50 ማይክሮ ሜትር የሆነ እርጥብ ንጣፍ ተቃጥሎ ወደ 6 ማይክሮ ሜትር ነው የሚሆነው፤ በእርጥቡ ፔስት ውስጥ ኦክሳይዱ በክብደት 18 በመቶ ቢሆንም በቮልዩም 5 በመቶ ያህል ብቻ ነውና፤ የተቀረው የፊልሙ ውፍረት ቀዳዳ ነው። 12 ለማድረስ ሁለት ጊዜ እቀባለሁ፣ በመሃሉ በ125 ዲግሪ 6 ደቂቃ። በአንድ ጊዜ አወፍራለሁ ማለት ስንጥቅ መጥራት ነው።

ምድጃው አየር የሚገባው ይሁን፦ 325 ላይ 5 ደቂቃ፣ 375 ላይ 5፣ 450 ላይ 15፣ 500 ላይ 15። ፊልሙ በመጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይነጣል። ቡናማ ጥላ ከቀረበት ሴሉሎዙ በአየር እጥረት አልተቃጠለም። እንደ ደረቀ ኩሬ ጭቃ የተሰነጠቀ ከሆነ ወይ ወፍሯል፣ ወይ አሲዱ በደንብ አልታጠበም፣ ወይ ቅንጣቱ ሳይታወቅ ደርቆ ነበር። ውፍረቱን ከመጋገሩ ለመለየት ፔስቱን አንድ ጊዜ ብቻ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ያኔ ስንጥቁ ከጠፋ ችግሩ ውፍረቱ ነበር፤ ስሱም ሻካራና ወተት የመሰለ ከሆነ ቅንጣቱ ተጋግሯል።

በ40 ሚሊ ሞላር ቲታኒየም ቴትራክሎራይድ ውስጥ በ70 ዲግሪ 30 ደቂቃ መንከር የቅንጣቶቹን መገናኛ ያጠነክራል። ክሎራይዱ በበረዶ ላይ ነው የሚቀጥነው፤ በክፍል ሙቀት ውሃ ውስጥ ካፈሰሳችሁት የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጭስና ጥቅም የሌለው ነጭ ጓል ብቻ ነው የሚሰጠው። ከታጠበ በኋላ እንደገና በ500 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይቃጠላል።

ፊልሙ ወደ ቀለሙ የሚገባው ቀዝቅዞ ሳይሆን 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ከአየር እርጥበት መሳብ ይጀምራል፣ ቀለሙ ሊቀመጥበት የሚገባውንም ገጽ ውሃ ቀድሞ ይይዘዋል።