ሦስተኛዋ ጨርቅ

ጅማ ውስጥ ለአንድ ፋብሪካ አዲስ የእንፋሎት ቦይለር ስንተክል ነው። ሐምሌ ነበር። የጅማን ሐምሌ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጠገባችሁ የቆመ ሰው የሚናገረው እንኳ አይሰማም። የእኔ ድርሻ የውሃ ታንኩና ከታንኩ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ቧንቧ ነበር።

አብሮን አንድ የቧንቧ ባለሙያ ይሠራል። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። አቡ ዳቢ፣ የባራካ ኑክሌር ማመንጫ ሲገነባ ዓመታት ሠርቶ ነው የመጣው። ባራካ አራት ሪአክተር፣ ማለትም የኑክሌር ምድጃ፣ አለው፤ በድምሩ 5,600 ሜጋ ዋት፣ ከሕዳሴ ግድባችን ትንሽ ከፍ ይላል። የመጀመሪያው ሪአክተር እ.ኤ.አ. በ2012 ተጀምሮ ኤሌክትሪክ መስመር ላይ የገባው በ2020 ነው።

ጋሼ ግን ስለ ግንባታው ብዙ አያወራም። ወሬው ሁሉ ስለ ፍተሻ ነው። ነዳጁ ከመግባቱ በፊት ሪአክተሩ ባዶውን ይሞከራል። ግዙፎቹ ፓምፖች ውሃውን ሲያዞሩት፣ ሲያዞሩት፣ በራሳቸው ጉልበት ያሞቁታል። ወደ 290 ዲግሪ ይደርሳል። እሳት የለ፣ ዩራኒየም የለ! ይሄን የነገረኝ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በኑክሌር ሥራ ክፍት ቧንቧ ወዳለበት ቦታ ማንም ኪሱን ሳያራግፍ አይገባም። እስክሪብቶ እንኳ አይፈቀድም። መፍቻው በገመድ ይታሰራል። የገባው ዕቃ ይመዘገባል፣ ሲወጣ ይቆጠራል። ጋሼ ይህንኑ ጅማ ላይ ጀመረ። ደብተር ገዝቶ መጣና "ገቢ"፣ "ወጪ" ብሎ አሰመረበት።

ዓርብ ከሰዓት ታንኩን ልንዘጋ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቦይለሩ ይለኮሳል፣ እንግዶች ተጠርተዋል። ኃላፊያችን በየአሥር ደቂቃው ብቅ እያለ "አለቀ?" ይላል። ደብተሩን አየሁ። ጨርቅ፣ ገቢ 3። እጄ ላይ ያለው 2 ነው። ረዳቶቹ ወጥተዋል። አንዱ እጁን ጠርጎ ጥሎት ይሆናል አልኩ። ወጪ 3 ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ውሃ እንዳያፈስ ጓርኒሲዮኑን አስተካክለን ክዳኑን ገጠምን፣ ብሎኑን ሁሉ አጠበቅን።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ጋሼ ደብተሩን ይዞ መጣ።

"ሦስተኛዋ ጨርቅ የታለች?"

"ወጥታለች ጋሼ።"

"ወጥታለች ወይ አላልኩሽም። አይተሻታል?"

ዝም አልኩ።

አልተቆጣም። አንድ የቀለም ባልዲ ገልብጦ ቁጭ አለና ስሪ ማይል አይላንድ የሚባለው የኑክሌር ማመንጫ ላይ የደረሰውን አደጋ ነገረኝ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1979፣ አሜሪካ። አንድ ቫልቭ ተከፈተ፤ መልሶ መዘጋት ሲገባው ተነክሶ ቀረ። መቆጣጠሪያ ክፍል ያለው መብራት ግን ጠፍቷል። ሠራተኞቹ መብራቱን አይተው ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። መብራቱ የሚናገረው "ዝጋ" የሚለው ትእዛዝ መሄዱን ብቻ ነበር። ቫልቩ ራሱ ምን ላይ እንዳለ አያውቅም። ውሃው በዚያ በኩል ከሁለት ሰዓት በላይ ሲወጣ ቆየ፤ ነዳጁ ያለበት የሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

"ያንቺም ፊርማ እንደዚያ መብራት ነው" አለኝ።

ባትሪ ይዘን ብሎኑን አንድ በአንድ ፈታን። ዝናቡ አላቆመም። ታንኩ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። መሬቱ ንጹሕ ነበር፣ ጨርቅ የለም። ልወጣ ስል ባትሪውን ወደ ቧንቧው አፍ አዞርኩ። ጨርቋ እዚያ ተወትፋለች። ቡሽ ይመስል ጥግት ብላ ገብታለች። ረዳቱ የታንኩን ግድግዳ ሲፈቀፍቅ ዝገቱ ቧንቧ ውስጥ እንዳይገባ ብሎ ነው የወተፋት። ልጁ ጥሩ አስቦ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

በማግስቱ ብንለኩሰው ፓምፑ ውሃ አያገኝም ነበር። ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ እየወረደ ይሄዳል፣ ቱቦዎቹ ከእሳቱ ጋር ባዷቸውን ይቀራሉ። ውሃ ሲያንስ እሳቱን የሚቆርጠው መሣሪያ አለ፤ ግን እሱንም ገና አልፈተነውም።

እንዲህ ያለው ነገር እኛ አገር ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። ፊንላንድ ውስጥ ኦልኪሉኦቶ 3 የሚባል 1,600 ሜጋ ዋት ሪአክተር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀምሮ በ2009 ያልቃል ተብሎ ነበር። መደበኛ ሥራ የጀመረው ሚያዝያ 2023 ነው። በ2022 በሙከራ ላይ እያለ ተርባይኑ ጋ ያለው የእንፋሎት ማሞቂያ ውስጥ ባዕድ ነገር ተገኘና ሙከራው ለወራት ቆመ። ስለ አገራችን የኑክሌር ዕቅድ ሲወራ ሰው የሚከራከረው ስለ ሜጋ ዋቱ ነው። እኔ ያ የጋሼ ደብተር ነው ትዝ የሚለኝ።

ከታንኩ ስወጣ ጋሼ ክዳኑ ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል። ደብተሩን ከዝናቡ በጃኬቱ ከልሎ ከፈተ፤ የጻፍኳትን 3 በአንድ መስመር ሰረዛትና እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ። ወዲያው አልተቀበልኩትም። ጨርቋን በሁለት እጄ ይዣት ነበር፤ ውሃዋ እስከ ክርኔ ይወርዳል።