የተሰወረውን የገለጠ አምላክ

ስሙ ይክበር ይመስገን! የምንጽፈው በሕክምና የምናገለግል ወገኖች ነን፤ ምስክርነቱ ግን የሚጥል በሽታ ያለባት የአንዲት የ19 ዓመት ልጅ ነው።

ለሚጥል በሽታዋ የታዘዘላትን ካርባማዜፒን የተባለ መድኃኒት በጀመረች በአራተኛው ሳምንት ትኩሳቷ 39 ዲግሪ ገባ፤ ጉሮሮዋ ታመመ፣ ሰውነቷን ሽፍታ ወረሰው። መጀመሪያ በታየችበት ቦታ «ቫይረስ ነው፣ በራሱ ይለቃል» ተባለች። ለመሳሳት የሚያበቃ ነገር ነበረው፤ የቫይረስም መልኩ ይኸው ነው። መድኃኒቷን ግን ጠዋት ማታ፣ አንድም ሳታዛንፍ ትውጥ ነበር።

እናትየው የጸለየችው አንድ ቃል ነው፦ «አባት ሆይ፣ የተሰወረውን ግለጥ።» መልሱ በጥያቄ መጣ፦ መድኃኒቱ መቼ ተጀመረ? ቢቆጠር 26 ቀን። ተራ የመድኃኒት ሽፍታ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወጣል። ድሬስ የሚባለው ከባዱ አለርጂ ግን ከ2 እስከ 8 ሳምንት ስለሚዘገይ ብዙዎች መድኃኒቱን አይጠረጥሩም።

ፊቷ አብጧል፤ አንገቷና ብብቷ ንፍፊት አውጥቷል። አፏና ዓይኗ አልቆሰለም፣ ቆዳዋም አልተላጠም፤ ስለዚህ ስቲቨንስ ጆንሰን የተባለው ቆዳ የሚልጥ ሌላ ከባድ የመድኃኒት አለርጂ አይደለም። ኢዮሲኖፊል የተባለው በአለርጂ ጊዜ የሚበዛ የነጭ ደም ሴሏ በአንድ ማይክሮሊትር ደም 2,100 ነበር፤ ከ500 በላይ ብዙ ነው። የጉበት ኢንዛይሟም ከልክ በብዙ እጥፍ አልፏል። የወባ፣ የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ ነጻ ሆነ፤ በደም ውስጥ ባክቴሪያ የሚፈለግበት የደም ካልቸሩም ምንም አላበቀለም።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። በድሬስ ጊዜ በልጅነት ገብቶ ያንቀላፋው ኤችኤችቪ-6 የተባለ የሄርፐስ ወገን ቫይረስ ሊነቃ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ሕመሙ ከጀመረ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። ቫይረስ መገኘቱ መድኃኒቱን ነጻ አያወጣውም።

ካርባማዜፒኑ በዚያው ቀን ቆመ። ከሌሎቹ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የቅርብ ዘመዶቹ ስለሆኑ ያንኑ አለርጂ ሊያስነሡ ይችላሉ፤ ቫልፕሮዌት ደግሞ የቆሰለ ጉበት ላይ ጉዳት ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ሌቬቲራሴታም በተባለው ተተካ። አለርጂውን የሚያበርደው ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ በኪሎ 1 ሚሊግራም፣ ክብደቷ 45 ኪሎ ነውና በቀን 45 ሚሊግራም ተሰጣት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀ፤ ሃሌ ሉያ ተባለ። ግን ፕሬድኒሶሎኑ ቶሎ ተቀነሰና ሽፍታውም የጉበቱም ነገር ተመለሰ። እንደገና ወደ ነበረበት ከፍ ተደርጎ በ10 ሳምንት ቀስ እየተባለ ወረደ።

ጉበቷ ዛሬ ደህና ነው፤ የሚጥላትም አልተመለሰም። ድሬስ ከወራት በኋላ ታይሮይድን ሊያውክ ስለሚችል እሱም ተመርምሮ ደህና ነው። ዳግም እንዳትወስዳቸው የሦስቱ መድኃኒቶች፣ የካርባማዜፒን፣ የፌኒቶይንና የፌኖባርቢታል፣ ስም የተጻፈባት ወረቀት በመጽሐፍ ቅዱሷ ሽፋን ውስጥ አለች፤ አንድ ቅጂ ታናሽ ወንድሟም ይዟል።