የትኛው ዴኒስ?

ከመስቀል ማግስት፣ ቅዳሜ ዕለት ነው። ከቦስተን ተነስተን፣ ባሕር ውስጥ ወደ ገባው ልሳነ ምድር ወደ ኬፕ ኮድ ወረድን፤ ዴኒስ ወደምትባል ከተማ። እኔ፣ ጓደኛዬ፣ አንድ ፔርሙዝ ቡናና ከበዓሉ የተረፈ ድፎ ዳቦ። የሳጋሞርን ድልድይ ዝም ብለን አለፍነው። ሐምሌ ቢሆን በመኪናው ብዛት እዚያው ላይ ነበር የሚመሽብን።

ስልኬ ላይ «ሜይን ስትሪት፣ ዴኒስ» ብዬ ጻፍኩ። አደረሰን። ግን እኛ የፈለግነው የሰሜኑን ባሕር ነው፤ ያመጣን ደቡብ።

«አንቺ፣ የት ነው ያመጣሽኝ?» አለች ጓደኛዬ።

ፖስታ ቤት በር ላይ አንድ ሽማግሌ ጠየቅን። «የትኛውን ዴኒስ?» ብለው ሳቁ። ለካ ከተማዋ አምስት መንደር ናት፦ ዴኒስ፣ ምሥራቅ ዴኒስ፣ ምዕራብ ዴኒስ፣ ደቡብ ዴኒስና ዴኒስ ፖርት። ሁሉም የየራሱ ፖስታ ቤት አለው። ሜይን ስትሪትም አንድ ብቻ አይደለም። ባዶውን «ዴኒስ» የሚባለው የሰሜኑ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ደቡብ ዴኒስ። መሀል ከተማ ብሎ ነገር የለም። ፒያሳን ለለመደ ሰው ግራ ያጋባል።

ሽማግሌው ወሬ ይወዳሉ። ምሥራቅ ዴኒስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1776 ጆን ሲርስ የሚባል ሰው የባሕር ውሃ በእንጨት ገንዳ አስጥቶ በፀሐይ ጨው ሊያወጣ ሲነሳ አገሩ ሁሉ ሳቀበት አሉን። «የሲርስ ቂልነት» ተባለ። በኋላ ግን የሳቁትም ጨው አምራች ሆኑ። እኔ ከዳሎል በግመል የሚወጣውን አሞሌ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ እንግሊዝኛዬ መንገድ ላይ ቀረ።

መንገድ ዳር አንድ ከረጢት ክራንቤሪ የሚባል ትንሽ ቀይ ፍሬ ገዛን። ለገበያ ማልማቱ የተጀመረው እዚችው ዴኒስ ነው፤ ሄንሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ1816፣ ነፋስ አሸዋ ያለበሰው ሐረግ የተሻለ ሲያፈራ አይቶ። አንዷን ጥሬዋን ነከስኩ። አጋም መስላኝ ነበር። ዓይኔ ተጨፈነ!

ሜይፍላወር ዳርቻ ስንደርስ ባሕሩ የለም። በቀን ሁለቴ እንዲህ ይሸሻል። የቀረው አሸዋ ነው፣ እንደ ሹሩባ የተገመደ፣ በየመስመሩ መሀል ለብ ያለ ውሃ የተኛበት። አንዲት የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተነስታ ሄደች። ጎንበስ ብዬ ሳይ ውስጧ የተከራየች ትንሽ ሸርጣን ናት። ጫማዬን አውልቄ አስቀመጥኩና እሷን ተከተልኩ። ከእኛ ሌላ አንድ ሰውና ውሻው ብቻ።

«ጫማሽ!» ስትል ዞርኩ። ውሃው ተመልሷል። አንደኛውን ያዝኩት፤ ሌላኛውን ውሻው አመጣልኝ።

ስንመለስ ጫማዎቹን የመኪናው መስታወት ሥር፣ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ደርቀው ጠርዛቸው ላይ ነጭ መስመር ወጥቶ ነበር። ጓደኛዬ በጣቷ ጠረግ አድርጋ ቀመሰችው።

«አሞሌ!» አለች።