ከጓሮ ኩሬዬ የተማርኩት

ባሕር ዳር ጓሮዬ ውስጥ ትንሽ ኩሬ አለችኝ። ጉድጓዱን አስቆፍሬ ጂኦሜምብሬን አነጠፍኩበት። ገበሬዎች የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበት ጥቁሩ ፕላስቲክ ነው። ቦታውን የመረጥኩት ከዛፍ ጥላ ርቄ ነው፤ የውሃ ሊሊ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካላገኘ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። አንዱን ዳር ደግሞ ደረጃ አስያዝኩት፤ ደንገል ጥልቅ ውሃ አይፈልግም።

ትልቁ ትምህርቴ ስለ አፈር ነው። ኮምፖስት የበዛበት ለስላሳ አፈር ኩሬ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ይበሰብሳል፣ ውሃውን ያገማዋል። የሚያዋጣው ዋልካ፣ ማለትም የሚጣበቀው ጥቁር አፈር ነው። የሊሊውን ሥር በተበሳሳ የፕላስቲክ ሳፋ ጋደም አድርጌ በዋልካ ተከልኩት። ቡቃያውን ከአፈሩ ብቅ አደረግኩ፤ ዙሪያውን የታጠበ ጠጠር አለበስኩት። ሳፋውን መጀመሪያ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩና ቅጠሉ እየረዘመ ሲሄድ ዝቅ እያደረግኩ ግማሽ ሜትር ገደማ አወረድኩት። አዲስ ቅጠል ሁለቱ ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው ነው የሚወጣው። ውሃው ፊት ሲደርስ ይዘረጋል። ያን ማየት ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ጎረቤቶቼ «ድፊውና በአዲስ ሙዪው» አሉኝ። አልደፋሁትም። አዲስ ውሃ ለአልጌው አዲስ ምግብ ይዞ ይመጣል። ቅጠሎቹ ከኩሬዋ ግማሽ በላይ ሲሸፍኑ አልጌው ፀሐይ አጣ፤ ውሃውም በራሱ ጊዜ ጠራ። ዩሪያም ሆነ ፍግ ውሃው ላይ አልበትንም። ለትንኝ ትንንሽ የቀረሶ ዓሣዎች ጨምሬያለሁ፤ የትንኙን እጭ ይለቅሙታል። ሲያድጉ ግን አፈር ስለሚቆፍሩ አወጣቸዋለሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ እምቦጭ ኩሬያችሁ ውስጥ አታስገቡ። ሐምራዊ አበባው ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ስንት ሕዝብ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል! ክረምት ሲገባ ኩሬ ሞልቶ ይፈሳል፤ ጎርፉም መድረሻው ሐይቁ ነው። እኔ ከኩሬዬ የማወጣውን ማንኛውንም ቅጠል እንኳ ቦይ ውስጥ አልጥልም። ፀሐይ ላይ አደርቀውና ለጎመን መደቤ ኮምፖስት ይሆናል።