የቪዶር ቶካታ ጥድፊያ አይወድም

ዛሬ ስሰማቸው የዋልኩት የፈረንሳዊው አቀናባሪ የቪዶር ቶካታ (የጣት ቅልጥፍና የሚያሳይ የቧንቧ ኦርጋን ሙዚቃ) ቅጂዎች አብዛኞቹ ይጣደፋሉ። ያሳዝናል፤ ሰውዬው ፍጥነቱን በግልጽ ጽፎታል።

ሻርል-ማሪ ቪዶር በ1844 (እ.ኤ.አ.) ሊዮን ተወለደ። በ1870 በፓሪሱ ሳን ሱልፒስ ቤተክርስቲያን በጊዜያዊነት ኦርጋን እንዲጫወት ተቀጠረ፤ ከ60 ዓመት በላይ እዚያው ቆየ! መሣሪያው ኦርጋን ሠሪው ካቫዬ-ኮል በ1862 የጨረሰው፣ አምስት ረድፍ የእጅ ቁልፍ ያለው ግዙፍ ኦርጋን ነው።

ቶካታው የአምስተኛው የኦርጋን ሲምፎኒ መዝጊያ ነው። ቪዶር መጀመሪያ በደቂቃ 118 ምት ብሎ፣ በኋላ ወደ 100 አወረደው። ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ ውስጥ ድምፅ ቶሎ አይጠፋም። ሲቸኮል የቀኝ እጅ ፈጣን ኖታዎች ይደባለቃሉ፣ በግራ እጅ አጫጭር ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) መካከል ያለው ክፍተት ይደፈናል። ከዚያ በእግር መርገጫው (ፔዳል) የሚገባው ሰፊ ዜማ የሚቆምበት ያጣል፤ ይሰምጣል።

ለሚለማመድ፦ ግራ እጅን ብቻውን በደቂቃ 60 ምት ጀምሩ፣ ከእያንዳንዱ ኮርድ በኋላ ዝምታው መሰማቱን አረጋግጡ። ቀኝ እጅ ሲጨመር ክንድ ከተወጠረ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ፣ ድካሙ ገጽ በገጽ ይጠራቀማል። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በአራት በአራት ምት ከፍ አድርጉ። በመጨረሻም አንድ ሰው ከምእመናን መቀመጫ ያዳምጥላችሁ፤ ቧንቧዎቹ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይሰማዋል።