ጠላቂ ወይስ የሮቦት አብራሪ? ለትምህርት ቤት ከመክፈላችሁ በፊት

በባሕር ላይ የነዳጅና የጋዝ ሥራ መሰማራት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ምርጫውን በድፍረት ይለካዋል። ደፋሩ ይጠልቃል፣ ሌላው መርከብ ላይ ስክሪን ፊት ተቀምጦ በኬብል የታሰረ የባሕር ውስጥ ሮቦት ያበርራል ይባላል። አለካኩ ያሳስታል። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት እጃችሁ የትኛውን ሙያ እንደሚያውቅ ነው።

ጠላቂ የሚከፈለው ታች ደርሶ ለሚሠራው ነው፦ ፍላንጅ (የቧንቧ መጋጠሚያ) መግጠም፣ ብረት መቁረጥና መበየድ፣ ከባድ ዕቃ ማሰር፣ ያውም ብዙውን ጊዜ በዳበሳ። ከላይ በቱቦ በሚላክ አየር የሚሠራው በተለምዶ እስከ 50 ሜትር ነው። ከዚያ በታች ሳቹሬሽን የሚባለው አጠላለቅ ይመጣል። ጠላቂዎቹ መርከብ ላይ ባለ የግፊት ክፍል ውስጥ ሂሊየምና ኦክስጅን እየተነፈሱ ለሳምንታት ይኖራሉ። ከ100 ሜትር ግፊት ለመመለስ አራት ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ቤተሰብ ላይ አደጋ ቢደርስ እንኳ በር ከፍቶ መውጣት የለም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ የግፊት ልዩነት ነው። በግድግዳ ሁለት ወገን ያለው ውኃ በ5 ሜትር ቢበላለጥ፣ 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ቀዳዳ የዘጋ ሰውነት 450 ኪሎ ያህል ይጫነዋል። ማንም ጎትቶ አያላቅቀውም። ስለዚህ ጠላቂው ከመውረዱ በፊት ቫልቮቹ መዘጋታቸውና መቆለፋቸው ይረጋገጣል።

የሮቦት አብራሪው ደግሞ ከጆይስቲክ ይልቅ መፍቻና መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዞ የሚውልበት ጊዜ ይበዛል። ትልልቆቹ የሥራ ሮቦቶች 3,000 ሜትር ይወርዳሉ። የኤሌክትሪክ ሳጥኖቻቸውና ሃይድሮሊካቸው በዘይት ይሞላሉ፤ በስፕሪንግ የሚገፋ ማካካሻ የውስጡን ግፊት ከባሕሩ በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ቢያፈስ እንኳ ዘይቱ ይወጣል እንጂ ውኃ አይገባም። ዘይት ሲሞላ ውስጡ ያለው አየር ካልወጣ ግን አረፋው በጥልቀት ይጨመቃል፣ ማካካሻው ዘይቱን ይጨርሳል፣ ጨው ውኃም ይገባል። ኦ-ሪንግ (ውኃ እንዳይገባ የሚዘጋ የጎማ ቀለበት) ላይ የቀረች አንዲት ፀጉርም ለዚህ ትበቃለች። ምልክቱ የኢንሱሌሽን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያፈስ የሚከላከለው ሽፋን፣ ንባብ መውረድ ነው፤ ጥፋቱ የሚገኘውም ኮኔክተሮቹን (የኬብል መሰኪያዎቹን) አንድ በአንድ እየነቀሉ በመለካት ነው። የሮቦቱ ኬብል ባሕር ውስጥ ባለ መዋቅር ላይ ከተጠመጠመ አይጎተትም፤ ሮቦቱን በሄደበት መንገድ ኬብሉን ተከትሎ መመለስ ነው።

እንግዲህ በያጅና ዕቃ አሳሪ ወደ መጥለቅ፣ ኤሌክትሪሺያንና የሃይድሮሊክ መካኒክ ወደ ሮቦት ቢሄዱ እላለሁ። ሮቦቱ ዕድሜም ይቆጥባል፤ የጠላቂን የዳሌና የትከሻ አጥንት ግፊት ለዓመታት ሊጎዳው ይችላል።

መጥለቅ የመረጠ ለትምህርቱ ከመክፈሉ በፊት የመጥለቅ ሕክምና በሚያውቅ ሐኪም ጆሮውንና ሳንባውን ይመርመር። አስም ወይም ሳንባው አየር አፍስሶ የማወቅ ታሪክ በሩን ሊዘጋበት ይችላል፤ ምርመራውም በየዓመቱ ይደገማል። ሮቦት የመረጠ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ፋይበር (መረጃ በብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ክር) የሚቀጥልበትን፣ ፓምፕ የሚፈታበትንና ጥፋት የሚፈልግበትን ሰዓት ይጠይቅ። መልሱ ሲሙሌተር (በኮምፒውተር የማብረር ልምምድ) ብቻ ከሆነ ገንዘቡን ለኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ያውለው።