መጀመሪያ ብሉ፣ ከዛ ባሩን አንሱ

ጂም ልጀምር እያላችሁ ለምታቅማሙ ነው የምፅፈው፣ በተለይ "ሰው ያየኛል፣ ይስቁብኛል" ብላችሁ ከበር ለምትመለሱ። እኔ ስጀምር ይሄን ቁጭ አድርጎ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ስንት ወር በከንቱ ተንገላታሁ፣ አሁንም ሳስበው ያበሽቀኛል።

ምዝገባው፣ ልብሱ፣ ጫማው ቀላል ነው፣ እሱን እዘለዋለሁ። ማሽኖቹም እንደሚያስፈሩት አይደሉም፣ አብዛኞቹ ላይ የትኛው ጡንቻ እንደሚሰራ ስዕል ተለጥፏል። ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ጠይቁና በዛ ሰዓት ግቡ። የመጀመሪያ ሰሞን የጡንቻ ህመም በነጋታው ወይ በሁለተኛው ቀን ነው የሚብሰው፣ ተጎዳሁ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ይለቃል። እስከዚህ ድረስ ማንም ያልፈዋል። እኔን የጣለኝ የምግቡ ጉዳይ ነው።

ገና በመጀመሪያው ቀን አሰልጣኙ በባዶ እግሬ ያቺ የስብ መለኪያ ማሽን ላይ አቆመኝና እጀታዎቹን አስያዘኝ፣ የወጣውን ወረቀት ደሞ እኔ ሳላየው በፊት ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፣ ኪሎ ይሄን ያህል፣ ስብ ይሄን ያህል ፐርሰንት፣ ትሬድሚል ላይ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ። ቀጥሎ መሳቢያውን ሳበና ሌላ ወረቀት ሰጠኝ። በቀን 1200 ካሎሪ። የእንቁላል ነጩ ብቻ፣ የዶሮ ደረት፣ ሰላጣ። ሩዝ የለም፣ ዳቦ የለም፣ ድንች የለም፣ ከቀን ስድስት ሰዓት በኋላ ፍራፍሬ እንኳን ክልክል። ስንት ዓመትሽ ነው፣ ስራሽ ምንድነው፣ በሽታ አለብሽ ወይ፣ አንድም ጥያቄ የለም። በኋላ ሳይ ለካ ያንኑ ወረቀት ከኔ በሁለት እጥፍ የሚገዝፍ ወንድ ልጅም ይዞታል።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ወደ ሁለት ኪሎ ቀነስኩ። "አየሽ!" አለኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። ማንም ያልነገረኝ ነገር ግን አብዛኛው ውሃ መሆኑን ነው። ሰውነት ከካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ከሩዝ፣ ከዳቦ፣ ከድንች የሚያገኘውን ስኳር ግላይኮጅን አድርጎ ጡንቻና ጉበት ውስጥ ያስቀምጣል፣ እያንዳንዱ ግራም ደሞ 3 ግራም የሚሆን ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ካርቦ ስታቆሙ እሱ ያልቅና ውሃውም አብሮ ይወጣል። ሚዛኑ ይወርዳል፣ ስቡ ግን እዛው ነው።

ከዛ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። በፊት አነሳው የነበረው ዳምቤል ከበደኝ፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ቀን ሰው ሲያናግረኝ እነጫነጫለሁ። የባሰው ደሞ ባሩ ጋ፣ ያ ክብደት የሚጫንበት ረጅም ብረት ጋ ስደርስ ልቤ መምታት ይጀምራል፣ እጄ ያልበኛል፣ እንደማልችል እርግጠኛ ሆኜ ነው የምጀምረው። አሰልጣኙ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ሰውነትሽ ምንም አልሆነም፣ ጭንቅላትሽ ነው፣ ኮንፊደንስ የለሽም።" አምኜው በራስ መተማመን ላይ የተሰሩ ቪዲዮዎች ስንት ማታ ቁጭ ብዬ አየሁ መሰላችሁ፣ ባዶ ሆዴን!

አንድ ቀን ስኳት፣ ባሩን ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ ማለት ነው፣ እየሰራሁ፣ ባሩ ላይ ምንም አልተጫነም፣ ባዶው ባር 20 ኪሎ ነው፣ ወርጄ ልነሳ ስል አይኔ ጨለመ። ደግነቱ በግራና በቀኝ ያሉት ብረቶች መያዣ ስለነበራቸው ባሩ እዛ ላይ አረፈ እንጂ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። አጠገቤ የምትሰራ አንድ ትልቅ ሴትዮ መጣችና "ዛሬ ምን በላሽ የኔ ልጅ?" አለችኝ። የእንቁላል ነጭ አልኳት። ሌላስ? ሌላ የለም። ከቦርሳዋ ሙዝ አውጥታ ልጣ ሰጠችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም። አሰልጣኙ ደረሰና ሙዙን አይቶ "ዳይቱን አበላሸሽው" አለኝ። እውነቴን ነው፣ እንደዛ ነው ያለኝ።

ያ ሳያንስ በዛው ሳምንት ማሽኑ ላይ መልሶ አቆመኝና "ስብሽ ጨምሯል፣ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር እየበላሽ ነው" አለ። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ስለው "ማሽን አይዋሽም"። ማሽኑ እኮ ስቡን አያየውም! ትንሽዬ ኤሌክትሪክ በሰውነት ውስጥ አሳልፎ ነው የሚገምተው፣ ውሃ ባለበት ኤሌክትሪኩ ቀልጠፍ ብሎ ያልፋል፣ ስብ ላይ ይቸገራል። ውሃ ጠምቷችሁ ደርቃችሁ ከቆማችሁበት ስባችሁን አብዝቶ ይፅፋል። እኔ ደሞ የዛን ቀን ከልምምድ በኋላ በላብ ተጨምቄ ነበር የቆምኩት። ሌላ ቀን እሱ በሌለበት ጠዋት ከልምምድ በፊት ውሃዬን ጠጥቼ ቆምኩበት፣ ሌላ ቁጥር አወጣ። ሌባ ተብዬ የተሰደብኩት በዚህ ነው።

ቤት ገብቼ ካልኩሌተር ይዤ ቁጭ አልኩ። ሚፍሊን ሴንት ዤር የሚባል የታወቀ ፎርሙላ አለ፣ ሰውነት ምንም ሳይሰራ ተኝቶ ቢውል ስንት ካሎሪ እንደሚፈልግ ይገምታል። ኪሎን በ10 ማባዛት፣ ቁመትን በሴንቲሜትር በ6.25 ማባዛትና መደመር፣ እድሜን በ5 አባዝቶ መቀነስ፣ ከዛ ለሴት 161 መቀነስ፣ ለወንድ 5 መጨመር። እኔ 68 ኪሎ፣ 164 ሴንቲሜትር፣ 29 ዓመት፦ 680 ሲደመር 1025፣ ሲቀነስ 145፣ ሲቀነስ 161። 1399! አልጋ ላይ ተኝቼ ብውል የሚያስፈልገኝን እንኳን ሳይሰጠኝ ነው ብረት አንሺ ያለኝ፣ ሲያቅተኝ ደሞ ጭንቅላትሽ ነው። ኮንፊደንስ ሳይሆን እራት ነበር የጎደለኝ።

ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት፣ ቀላሉን ነገር ያዝኩ። የሳህኑ ግማሽ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሩቡ ሩዝ ወይ ድንች ወይ ዳቦ፣ ሩቡ ፕሮቲን። ከሞላ ጎደል ሃርቫርድ በ2011 ያወጣው የሳህን ስዕል ነው፣ እነሱ እህሉ ያልተፈተገ ይሁን ይላሉ፣ ድንቹንም ከአትክልት አይቆጥሩትም፣ እኔ ለጀማሪ እዚህ ድረስ አልጨነቅም፣ ነጭ ሩዝ በልቶ መስራት ሳይበሉ ከመስራት ይሻላል። ፕሮቲን ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ቁጥር ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 0.8 ግራም ነው፣ እሱ ግን ጉድለት እንዳይመጣ የተቀመጠ ትንሹ ልክ ነው። ክብደት ለሚያነሳ ሰው እስከ 1.6 አካባቢ እንደሚጠቅም በጥናት ታይቷል፣ ለኔ ወደ 110 ግራም ይመጣል፣ መቶ ከደረስኩ አልጨነቅም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፣ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ደሞ አስኳሉ ውስጥ ነው፣ ስንቱን አስኳል እንደጣልኩ ሳስበው ያንገበግበኛል። የተቀቀለ ምስር መቶ ግራሙ 9 ግራም አካባቢ ይሰጣል። ዱቄት ፕሮቲን ለጀማሪ አትግዙ፣ መጀመሪያ ምሳችሁን በስርዓት ብሉ። "ቺት ዴይ" የሚባለውንም፣ ዳይቱን ጥሶ ያሻን የሚበላበትን ቀን፣ አልወደውም፣ የምትሰርቁበት ቀን ካስፈለጋችሁ የቀሩት ቀናት ልክ አይደሉም ማለት ነው።

ቁርስ ግዴታ ነው ይባላል፣ ማታ ለሚሰራ ሰው ያን ያህል አይመስለኝም። ከልምምዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ቀድማችሁ ካርቦ ያለበት ነገር መብላታችሁ ግን አይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ከሱ ላይ ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ ይላል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከሶፋ ተነስቶ ለሚጀምር ሰው 150ን መጀመሪያ ቀን መንገር ማስበርገግ ነው። እዛው መመሪያ ላይ ትንሽ መስራት ጭራሽ ካለመስራት ይሻላል ተብሏል፣ እሷን መስመር የሚጠቅሳት የለም። እኔ ሁለት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ብላችሁ ጀምሩ ነው የምለው።

መብላት በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ያ ባር ጋ ስደርስ የሚመጣው የልብ ምት ጠፋ፣ በቃ ጠፋ። ከዛ ያነሳሁትን ኪሎና ስንት ጊዜ እንዳነሳሁ ደብተር ላይ መፃፍ ጀመርኩ፣ ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ ማን አየኝ የሚለው ነገር ተረሳኝ። ጀማሪ መጀመሪያ ላይ ቶሎ የሚጠነክረው ጡንቻው ስላደገ ብቻ አይደለም፣ ነርቩ ያለውን ጡንቻ መጠቀም እየለመደ ስለሆነ ነው፣ ስለዚህ መስታወት ላይ ምንም ሳይታይ ደብተሩ ላይ ለውጥ ይታያል። ሚዛን ላይ በየቀኑ አትውጡ፣ እኔ የቤቴን ለሰው ሰጥቼዋለሁ።

አሰልጣኝ ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም፣ አሁን የምሰራበት ቦታ ያለችው ልጅ ስኳት ስታስተካክል ወርቅ ናት፣ ስለ ምግብ ስጠይቃት ደሞ "እሱን የስነ ምግብ ባለሙያ ጠይቂ" ትለኛለች። ስኳር ወይ ደም ግፊት ያለባችሁ ወይ ነፍሰጡር የሆናችሁ ከሐኪም ሳትነጋገሩ ከማንም የምግብ ወረቀት አትቀበሉ። ሌሎቻችሁም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አሰልጣኙን "ምን ልብላ?" በሉትና ዝም ብላችሁ ተመልከቱት፣ አሁን ምን እንደምትበሉ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ ምን እንደምትሰሩ ከጠየቀ ደህና ነው፣ እጁ ወደ መሳቢያው ከሄደ ግን ማሽኖቹን ያሳያችሁ፣ ምግቡን ተዉት።